መቀነት የታጠቀው የድንኳን ኃላፊ

በጌጃ ሰፈር እድራችን ውስጥ ድንኳን መትከል የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ብል የሚቆጡ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። ይቆጡ። በደርግ ጊዜ ከአስር ዓመት በላይ የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ አንድም ቀን የተንጋደደ ድንኳን ተክዬ አላውቅም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልደታ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ እየቃምኩ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ደመወዜ የሚከፈለኝ በዚያ ነው። የምኮራው ግን በድንኳኑ ነበር።

ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ እኔ እቃ ቤቱን ከፍቼ፣ ሸራውን አስወጥቼ፣ የባሕር ዛፉን መሀል ምሰሶ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ሐዘንተኛው ደጅ እገኛለሁ። ምሰሶውን መሸከም የነበረበት ሁለት ሰው ነው። ሁለት ሰው ሲይዘው ግን አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ከዚያ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ጭቅጭቅ አልወድም። ስለዚህ ብቻዬን እሸከመው ነበር።

ሽንቴ መቅላት የጀመረው በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀይ ሥር በልቼ ይሆናል አልኩ። ባለቤቴ «ቀይ ሥር ከገዛን ስንት ጊዜያችን?» ብላ በዚያው ሳምንት እየገፋች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከብዙ ምርመራ በኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ አንድ አጭር ሐኪም አስቀመጠንና ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረን። ፊኛዬ ውስጥ ካንሰር አለ፤ ፊኛው መውጣት አለበት።

«ፊኛዬን ካወጣችሁት በኋላ ሽንቴ የት ይሄዳል?» አልኩት።

ካርዴን ገልብጦ በጀርባው ላይ ሥዕል ሣለልኝ። «ከአንጀትዎ ስንዝር የምታህል እንቆርጣለን። ከኩላሊትዎ የሚወርዱትን ሁለት ቱቦዎች እሷ ላይ እንሰፋቸዋለን። አፏን በሆድዎ በቀኝ በኩል እናወጣታለን። ሽንቱ በእሷ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል።»

«የቧንቧ ሠራተኛ ነዎታ!»

«እንደዚያ ይበሉት» አለና ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ሥዕሉን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችውና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቀዶ ጥገናው ሙሉ ቀን ፈጀ፤ እኔ ግን ተኝቼ ስለነበር የደከመችው እሷ ናት። ስነቃ ከእምብርቴ በስተቀኝ የሕፃን ከንፈር የምታህል ቀይ አፍ ተቀምጣለች። ሕመም የላትም፤ ብቻ አታርፍም። ጠብ፣ ጠብ ትላለች። የጎማ ከረጢት በማጣበቂያ ሆዴ ላይ ይለጠፍና በጠባብ ማሰሪያ ይያዛል፤ ሲሞላ ከታች ከፍቶ ማፍሰስ ነው። የተሰጡኝ ሁለት ከረጢቶች ነበሩ። አንዱን ስለብስ ሌላውን ባለቤቴ በሆምጣጤ አጥባ ጓሮ ጥላ ላይ ታሰጣዋለች። ጎረቤት «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት «የሙቅ ውኃ ጎማ ነው፤ ወገቤን ያመኛል» ትላለች። ያ ከረጢት ስንት ሰው ለወገቧ እንዲያዝንላት አድርጓል!

ለሰፈሩ የነገርነው የኩላሊት ጠጠር ወጣልኝ ብለን ነው። ዋሸን። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም አፈርኩ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቀድሞ ሐሳቡ ውስጥ የሚመጣው ሽንቴ እንዲሆን አልፈለግሁም። በዚያ ላይ የእድሩን ደንብ አውቀዋለሁ። ሸክም የማይችል አባል በወር ስብሰባው ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የእድሩ ዳኛ «ምክንያት?» ይላሉ፤ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ በማግስቱ አባላቱ በሙሉ ቤቱ ይመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው አንገታቸውን እያወዛወዙ «እግዜር ይማርህ» ይላሉ። እኔ ስንት ጊዜ ከሰው ጋር ተደርድሬ አንገቴን አወዛውዣለሁ! ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው እንደ ድሮው አየሁት ወይ ብባል፣ አላየሁትም።

ከረጢቱ ክብር ያመጣልኝ ጊዜም ነበር። ያኔ የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ነው፤ አዳራሹ ይሞላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ካድሬው መናገር ይጀምራል፤ መቼ እንደሚጨርስ እሱም አያውቅም። አንድ ቀን አራት ሰዓት ሙሉ አወራ። በሁለተኛው ሰዓት ሕዝቡ መቁነጥነጥ ጀመረ። በሦስተኛው ላይ እግሩን ያላነባበረ ሰው የለም። አንዱ እጁን ያወጣል፣ «ለአስቸኳይ ጉዳይ» ይላል፣ ካድሬው ደግሞ «ከአብዮቱ የሚቀድም አስቸኳይ ጉዳይ የለም» ይለዋል። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጸጥ ብዬ፣ አይን አይኑን እያየሁ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ተመልከቱ እኚህን ጓድ! ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። የአብዮታዊ ዲሲፕሊን ምሳሌ ናቸው! ከእሳቸው ተማሩ!»

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ከረጢቴ ጭኔ ላይ ሞቆ፣ ከብዶ፣ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ከሴቶቹ ረድፍ ባለቤቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያዘነች መስሏት አጠገቧ ያለችው ሴት ታባብላታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ቤት ውስጥ የምትጠራኝ «ጓድ ዲሲፕሊን» ብላ ሆነ።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣኝ «ከአንድ ባልዲ ውኃ የበለጠ እንዳያነሱ» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት። ስድስት ወር ሳይሞላ ምሰሶዬ ሥር ተመልሼ ገባሁ። ምን ላድርግ? ካልተሸከምኩ ምክንያት ልጠየቅ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ምሰሶው ናፍቆኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በቀይዋ አፍ ዙሪያ ሆዴ ማበጥ ጀመረ። ስጋደም ጠፍቶ ስነሳ ይመጣል፤ ሳስል ብቅ ይላል። አንድ ጠዋት ሱሪዬን ስታስተካክልልኝ ባለቤቴ ያዘችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወፍሬ ነው።»

«በአንድ ጎንህ ብቻ?»

ሰፈሩም ማየቱ አልቀረም። ስኳር በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ሆዱ የገፋ ሰው ደልቶታል ነው የሚባለው። በተለይ አንድ አናጢ ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ እድራችን እንዲህ ያለ ነገር አይለይም፤ የእድሩ የአግዳሚ ወንበር ኃላፊ እሱ ነበር። በየለቅሶው ድንኳን ይቅደም ወንበር ይቅደም እያልን ስንናቆር ስምንት ዓመት ሆኖናል። ሆዴን ባየ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ሥጋውን ከየት ነው የምታገኘው? ለእኛም ጠቁመን እንጂ!» ይለኛል። እኔም «ሥራ የሌለው ሰው ወሬ ይቆጥራል» እለውና ኮቴን እቆልፋለሁ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚለብሰው ሰፊ የካኪ ኮት ለእኔ የተሰፋ ነበር ማለት ይቻላል።

ችግሩ ወሬው አልነበረም። ሆዴ እያበጠ ሲሄድ ከረጢቱ በደንብ አልጣበቅ አለ። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ፋይል ላወርድ ስንጠራራ ተላቀቀና የአንድ የድንበር ክርክር ፋይል ጥግ ረጠበ። መስኮት ላይ አድርቄ ሻይ ደፋሁበት አልኩ። ሁለቱ ባለጉዳዮች ያንን ጉዳይ ተከራክረው ሲጨርሱ ማን እንደረታ እስከ ዛሬ ባላውቅም፣ ባለዕዳቸው እንደሆንኩ ይሰማኛል።

ባለቤቴ ወደ አጭሩ ሐኪም መለሰችኝ። ይቁሙ አለኝ፣ ይሳሉ አለኝ፣ እጁን ሆዴ ላይ አደረገ።

«ምን ሲሸከሙ ነበር?»

«ምንም።»

«ምሰሶ» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሙ መነጽሩን ፈልጎ አጣው፤ ግንባሩ ላይ ነበር። «አፏን ለማውጣት የሆድዎን ጡንቻ በስተናል አይደል? አሁን ሌላው አንጀትዎ በዚያው ቀዳዳ ጎን እየሾለከ ነው። አንዷን በር ከፍተን ብናስወጣት ሌሎቹም ተከተሏት ማለት ነው። እርስዎ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። ቀበቶ ታጥቆ፣ ከባድ ነገር ሳያነሳ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖር አለ።»

«ቀበቶውን ከየት እናገኛለን?»

«እኛ አገር የለም። ሰፊ፣ ጠንካራ፣ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ነው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። እብጠቱ ተጋድመው አልገባ ካለ፣ ከደረቀ፣ ካመመዎት፣ ካስመለሰዎት፣ አንጀቱ ታንቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነገ ከነገ ወዲያ የለም። ይገድላል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ቀደመችኝ። ገብታ ሣጥኗን ከፈተችና መቀነቷን አወጣች። ሴቶች ወገባቸውን የሚጠመጥሙበት ያ ረጅም የሸማ ጥብጣብ ነው፤ የእሷ ሰፋ ያለና ድርብ ሆኖ የተሠራ ነበር፣ እናቷ ያሠራችላት። መጨረሻውን ሦስት ቦታ አጣጥፋ ሰፋችው፤ መሀሉን በምላጭ ቀደደችና ጫፍ ጫፉን ዘመዘመችው።

«ተጋደም» አለችኝ።

ተጋደምኩ። ያበጠው ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀዳዳውን በቀይዋ አፍ ላይ አስተካክላ፣ ከረጢቱን አሳልፋ፣ ወገቤን ዙሪያ ጠመጠመችልኝ። ተነሳሁ። ሆዴ ዝም አለ። ሳልኩ፤ አሁንም ዝም። ዓለም ላይ ለእኔ ሆድ የተሠራ ነገር ቢኖር ያ መቀነት ነበር፤ ይህንን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የተቆጣሁት።

«የሴት መቀነት ታጥቄ ምሰሶ ልሸከም?»

«ምሰሶውን ማን ተሸከም አለህ?»

«ነውር ነው! ሰው ቢያየኝስ?»

«እኔ የፈለግሁት ባል ነው። ድንኳኑ ከበለጠብህ ሂድና እሱን አግባው!» አለችና ክሩንም ምላጩንም እንደያዘች ወጣች።

ተስማማን። እሷ የተስማማን መስሏታል ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ እታጠቃለሁ፣ መሥሪያ ቤት እታጠቃለሁ። ጥሩምባ ሲነፋ ግን እቃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ መቀነቱን እፈታና ኮት ኪሴ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ፤ ምሰሶ ሳነሳ ኮቴ ከፍ ስለሚል ነጩ መቀነት እንዳይታይብኝ። ከሁሉ ጊዜ ይልቅ በሚያስፈልገኝ ሰዓት የማወልቀው እኔ ነኝ። ይህን ዛሬ ስጽፈው እንኳን ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

አንድ ዓመት እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። ከዚያ በአንድ የሚያዝያ ረፋድ ከቤታችን ሦስት አጥር አልፈው የሚኖሩ አሮጊት ሞቱ። ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ያዳልጣል። መቀነቴን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ምሰሶዬን ተሸከምኩ፣ ሟቿ ደጅ ደረስኩ። ሸራው ተዘርግቷል። ምሰሶውን ጉድጓዱ ውስጥ አቁሜ ሽቅብ ስገፋው እግሬ ተንሸራተተና ሙሉ ክብደቱ ሆዴ ላይ መጣ። ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ምሰሶውን ግን አልጣልኩትም፤ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ይዤው ከዚያ ተቀመጥኩ።

ሸራው ጥግ ላይ ተጋደምኩና እብጠቱን ወደ ውስጥ ገፋሁት። አልገባም። እንደ ድንጋይ ደርቋል። ላብ አጠመቀኝ፤ ዞር ብዬ አስመለስኩ። ሐኪሙ የቆጠረልኝ በሙሉ በተራ በተራ መጣ። አናጢው አግዳሚ ተሸክሞ ሲገባ አየኝና ወንበሩን ጥሎ ሮጠ።

«ምን ሆንክ?» አለ። አፌን ሊጠርግልኝ መሐረብ ፍለጋ ኮት ኪሴ ውስጥ እጁን ሰደደ። የመቀነቱን ጫፍ ይዞ ሳበ። ቢስብ ቢስብ አላልቅለት አለ። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ቆመው እያዩ ከአንድ ወንድ ኪስ ውስጥ ባለ ቀዳዳ መቀነት ጎተተ፣ ጎተተ፣ ክንዱ ላይ ተቆለለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከአንድ ደቂቃ በፊት ቢሆን እዋሽ ነበር። አሁን ግን ፈራሁ። ሞትን ፈራሁ፤ ባለቤቴ እዚያው ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ለአሮጊቷ እያለቀሰች ነው፤ ወጥታ ሁለተኛ ሬሳ ልታገኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ሽንቴ በሆዴ ነው የሚወጣው» አልኩ። «ሦስት ዓመቱ ነው። አጠገቡ አንጀቴ ሾልኮ ታንቋል። ሐኪም ቤት ካላደረሳችሁኝ እሞታለሁ።»

ሦስት ዓመት የደበቅሁት ነገር ተነግሮ ለማለቅ ይህችን ታህል ጊዜ ነው የወሰደው። አናጢው ጎንበስ አለና ጆሮዬ ሥር «እኔም ብሽሽቴ ላይ አንጀት ወርዶብኛል። አምስት ዓመቴ። ለማንም አልነገርኩም» አለኝ። ቀና ብሎ ደግሞ በዚያ ወፍራም ድምፁ «ቃሬዛውን አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

ቃሬዛው ለሟቿ የመጣ ነበር። ዘመኑ የወረፋ ነውና እኔ ወረፋ ቀደምኳቸው። ባለቤቴ ወጥታ ስታየኝ አልጮኸችም፤ መቀነቷን ከአናጢው ክንድ ላይ ተቀብላ ጭንቅላቴን ደግፋ አብራ መሄድ ጀመረች። ነግሬህ ነበር አላለችኝም። ይህ ከሆዴ በላይ አመመኝ።

እስከ አስፋልቱ ድረስ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸከመኝ። በእድር ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ባለሱቆቹ ከባንኮኒያቸው ወጥተው ቆሙ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ የማከብራቸው የድሮ አለቃዬ ደረታቸው ላይ ሲያማትቡ አየሁና ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሰለኝ፤ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። ግድግዳውን ባይደገፉ ወድቀው ነበር። ከልደታ ማርያም ትመለስ የነበረች አንዲት ሴት ደግሞ «ተነሳ! ኧረ ተነሳ!» እያለች ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። አናጢው «አርፈህ ተኛ፣ ሰው ትጨርሳለህ!» አለኝ። ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቁ ደግሞ ገደለኝ።

በታክሲ ተወስጄ በዚያው ቀን ተቀደድኩ። አጭሩ ሐኪም በማግስቱ መጥቶ አንጀቱን በጊዜ እንዳስለቀቀው፣ የድሮውን ቀዳዳ ደፍኖ አፏን በሌላው ጎን እንዳወጣት ነገረኝ። «ወደ ግራ አዛውረናታል» አለ።

«ጥሩ አደረጉ ዶክተር» አልኩት በሹክሹክታ። «አገሩ በሙሉ ወደ ግራ ሲሄድ የእኔ ብቻ በቀኝ መቅረቷ ያሳስበኝ ነበር።»

በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ቅዳሜ በመጠየቂያ ሰዓት እድሩ መጣ። ዳኛው ከፊት፣ ተሸካሚዎቹ ከኋላ። የክፍሉን ግድግዳ ተደግፈው ተደረደሩ። ይኸው መጣ፣ አልኩ በሆዴ፤ አይኔን ጨፍኜ አንገታቸው እስኪወዛወዝ ጠበቅሁ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትናንት ስብሰባ ጠርቼ ነበር። ከተሸካሚዎቻችን መሀል ሕመም ደብቆ የሚሸከም ካለ እጁን ያውጣ አልኩ። ዝም። ከዚያ ይሄ አናጢ አወጣ። ቀጥሎ አንዱ። ቀጥሎ ሌላው። ልጄ፣ ከአስራ ሁለቱ ተሸካሚዎች አምስቱ አንጀታቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ሲሸከሙልን የኖሩት!»

አንዱ ከጥግ «ሌሎቹ ሰባቱም ገና አልተመረመሩም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ትራሴን ቁስሌ ላይ ጫን አድርጌ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። አናጢው ከአሮጌ መኪና ጎማ ጋሪ እየሠራ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ምሰሶም ወንበርም በጋሪ እንደሚሄድ ነገረኝ። ድንኳን ይቅደም ወንበር ይቅደም የሚለውን ክርክርም ጋሪው ፈታው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይደርሳሉ።

ከሆስፒታል መውጫዬ ግንቦት ሁለት ቀን ነበር። ግንቦት አንድ ጠዋት ግን አልጋው ለሌላ ሕመምተኛ ስለተፈለገ በአንድ ቀን ቀድመው አስወጡኝ። መልእክት የምልክበት ስልክ የለም። ከረጢቴን ለብሼ ልብሴን በፌስታል ይዤ ብቻዬን በታክሲ ልደታ ወረድኩ። ያካፋል። ቀስ እያልኩ፣ ሆዴን በእጄ ደግፌ፣ ወደ ሰፈራችን ታጠፍኩ።

ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ደጅ ላይ የተተከለ ድንኳን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ያሉት ባለቤቴና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ናቸው። ባለቤቴ ከትናንት በስቲያ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስታስል ነበር። እሷ ናት፣ አልኩ። ከእሷ ጋር በመቀነት ስጣላ፣ ስዋሻት፣ ክሩንና ምላጩን ይዛ ስትወጣ ሁሉም ባንዴ አይኔ ላይ መጣ። እንባዬ ከካፊያው ጋር እየወረደ ሄድኩ። 

አስር እርምጃ ሲቀረኝ አንድ ነገር አየሁ። ምሰሶው ተንጋዷል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንደ ሰካራም አዘንብሏል፣ ሸራው በአንድ ወገን ውኃ አቁሯል። ለቅሶም አይሰማም። የሚሰማው ሳቅ ነው።

ባለቤቴ ንፍሮ የሞላበት ሰፌድ ይዛ ከድንኳኑ ሥር ወጣች። የግንቦት ልደታ ነዋ! በዚያ ቀን እንደ ልማዳችን ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን ደጅ ቀቅሎ ደጅ ነው የሚበላው፤ ዝናብ ሲመጣባቸው ጋሪውንም ልንሞክረው ብለው ድንኳኑን አውጥተዋል፤ ነገ ስመጣ ሊያሳዩኝ ደጄ ላይ ተክለውታል። ደጁ ላይ ድንኳን ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

«ጓድ ዲሲፕሊን!» አለች ባለቤቴ። «ነገ አልነበር እንዴ? ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

ሰው ፊት አቅፌያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰፌዱን ሳታስቀምጥ አቀፍኳት፤ ንፍሮው ተደፋ። የሞተች መስሎኝ እንደነበር ጆሮዋ ሥር ነገርኳት። በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ሰዎቹ እኔን ሲያዩ ነገሩ ገብቷቸው ተደናግጠው ቆሙ። ማንም ሳይናገር ቀደምኳቸው።

«ይህን ምሰሶ የተከለው ማነው?»

ሁሉም ጣታቸውን ወደ አናጢው ቀሰሩ። አናጢው ጣቱን ወደ ጋሪው ቀሰረ።

«አፍርሱት!» አልኩ። ወንበር አመጡልኝና በካፊያው ውስጥ ተቀምጬ «ግራ፣ ግራ፣ ትንሽ መልስ» እያልኩ እንደገና አስተከልኳቸው። በዚህ መሀል ባለቤቴ ገብታ መቀነቷን ይዛ መጣች። የቀኙን ቀዳዳ ደፍና በግራ በኩል አዲስ ቀዳዳ ዘምዝማለታለች። ሰፈሩ በሙሉ እያየ ኮቴን ገለጥኩላትና ጠመጠመችልኝ። ማንም አንገቱን አላወዛወዘም። ዳኛው ብቻ «ያምርብሃል» አሉኝ።

ምሰሶው ቀጥ ሲል አናጢው እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። «እንግዲህ ይህን ድንኳን አንድ ቀን ለአንተም መትከላችን አይቀርም፤ እንዳናጣምብህ ከአሁኑ ደህና አድርገህ አስተምረን» አለኝ።

«ለእኔ ስትተክሉት አጣማችሁ ትከሉት» አልኩት። «ተነስቼ አስተካክለዋለሁ።»

ባለቤቴ መቀነቱን አንድ ዙር አጠበቀችና «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችኝ።